የአሚ ሳሌህ ልክ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የልጅ ልጄ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አዲስ ሥራ ሊጀምር ሲሰናዳ፣ እዚሁ ከታይዋን ገበያ የገዛውን ነጭ ሸሚዝ ውሃ እየረጨ ይተኩስ ነበር። የጋለ ብረት እርጥብ ጥጥ ሲነካ የሚወጣው ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ልጁ ሸሚዙን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘና፣ “እማማ፣ ከሥሩ ካናቴራ ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ? በዚህ ሙቀት እንዴት ይቻላል?” አለኝ። አዎ ወይም አይ ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን ያ ሽታና ያ ጥያቄ ተያይዘው መጡብኝ። ሁለቱንም አንድ ላይ የማውቃቸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ድሬ መጋላ፣ በልጅነት ቤታችን ፊት ለፊት፣ አሚ ሳሌህ ሱቅ ውስጥ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። መንገዳችን አሸዋ ነበር፤ ጋሪ ሲያልፍበት የፈረሱ ኮቴ ድምፅ አያሰማም፣ ቃጭሉ ብቻ ይሰማል። ሱቋ ከመንገዱ ማዶ፣ ባለ ሁለት ተካፋች አረንጓዴ በር ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የከሰል ካውያና ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ የነጭ ፖፕሊን ጨርቅ ጥቅል ይገኛል። አሚ ሳሌህ ኮሌታን በሩዝ ውሃ ነክሮ፣ ገና ሳይደርቅ ነበር የሚተኩሰው። ካውያው ሲያርፍበት እንፋሎቱ ሽው ይልና የተቀቀለ ሩዝና የንጹሕ ጥጥ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ እኛ በረንዳ ድረስ ይመጣል። ጧት የሚያነቃኝ የባቡሩ ፉጨት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፍ የሚያነቃኝ ግን ያ ሽታ ነው።

አሚ ማለት በአረብኛ አጎቴ ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደዚያ እንጠራው ነበር። አባቱ ከየመን የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ድሬ ነው። ከሚስቱ ከፋጡማ ጋር በአረብኛ፣ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ጋር በሶማሊኛ፣ ወተት ከሚያመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር ደግሞ ሁሉንም ባደባለቀ አማርኛ ያወራል። ረጅምና ቀጭን ነበር። ከወገቡ በታች ሽርጥ ይታጠቅና ከላይ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል። ሸሚዙ ስስ ስለሆነ የደረቱ ጠጉር ከነሽበቱ በጨርቁ ውስጥ ይታያል። እናቴ መጀመሪያ አካባቢ ዓይኗን ትመልስ ነበር፤ ኋላ ለመደችው።

አሚ ሳሌህ ካናቴራ ይጠላል። ፋኒላ ነበር የሚለው፤ ሲጠራው አፉ ውስጥ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ሸሚዝ የገላ ወዳጅ ነው፣ ገላን እየነካ ካልኖረ ልኩን አያውቅም ይላል። አንድ ሰው ሊሰፋለት ሲመጣ ሜትሩን ከማንሳቱ በፊት “ፋኒላ ትለብሳለህ?” ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው እለብሳለሁ ካለ፣ ቅር ሳይለው፣ ወደ ሌላ ሰፊ ይመራዋል። ለምን ሲሉት ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር። “አቦ፣ በባልና በሚስት መሃል አማት ታስተኛለህ እንዴ?”

ይህ ነገር ያኔ ቀላል ክርክር እንዳይመስላችሁ። ማታ ማታ ነፋሻ አየር ሲመጣ ወንዶቹ ደጅ ወንበር ያወጡና ይከራከሩበት ነበር። ከደጋ የመጡት የባቡር ሠራተኞች ላብ ደረት ላይ ከደረቀ የሳንባ ምች ነው፣ ሸሚዝም ብብቱ ወይቦ በዓመቱ ይሞታል፣ ደግሞስ ጨዋ ሰው ገላው በሸሚዝ አልፎ ይታያል ወይ ይላሉ። የድሬ ልጆች በበኩላቸው እርጥብ ጨርቅ ደረት ላይ ለጥፎ ከመዋል ምን የባሰ በሽታ አለ፣ ድሬ ላይ ሁለት መደረብ እኮ ራስን መቀቀል ነው ይላሉ። ማንም ማንንም አሳምኖ አያውቅም።

አባቴ አቶ ታደሰ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ የቡልጋ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ ገና በወጣትነቱ፣ አጨዳ ላይ አልቦት ነፋስ መታውና በሳንባ ምች ሞተ። አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲነሳ እናቱ ደረቱን በመዳፋቸው ይዘው፣ “በማርያም፣ ይህችን ደረትህን ራቁቷን እንዳትተዋት” ብለው አስማሉት። እሱም ማለ። ከዚያ ወዲህ አርባ ቀን ዝናብ ይውረድ፣ የግንቦት ፀሐይ ድንጋይ ይሰንጥቅ፣ እጅጌ ያለው ወፍራም የጥጥ ካናቴራ ከገላው አይጠፋም። ካናቴራው ለእሱ ልብስ አልነበረም፤ የወንድሙ ሞትና የእናቱ ቃል ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የአሚ ሳሌህ ደንበኛ ሆነ። ምክንያቱ ኮሌታ ነው። የሌላ ሰፊ ኮሌታ አዋሽ ሳይደርስ ይተኛል፤ የአሚ ሳሌህ ግን ባቡሩ ሄዶ እስኪመለስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አባቴ ደግሞ ኮሌታው የወደቀ ተቆጣጣሪ ማን ቲኬቱን ያሳየዋል ባይ ነበር። መጀመሪያ ሱቁ የገባ ዕለት፣ በደጋ ወግ “እንደምን ዋሉ፣ እርስዎ ነዎት ሸሚዝ ሰፊው?” ቢለው፣ አንቱታ ያልለመደው አሚ ሳሌህ ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገ አሉ። ቀጥሎ ያንን የታወቀ ጥያቄ ጠየቀው። አባቴም ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ እንደቆመ “ካናቴራ? ኧረ እኔ አልለብስም” አለ። አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ይህንን አንዱን ውሸት ብቻ ነው፤ ግን በየዓመቱ ያድሰው ነበር።

የሚለካ ዕለት ካናቴራውን እቤት ያወልቅና በባዶ ገላው ኮቱን ብቻ ጣል አድርጎ፣ የኮቱን አንገት በእጁ ጨብጦ፣ በዚያ በጠራራ ፀሐይ መንገዱን በሩጫ ይሻገራል። እናቴ ከበረንዳው ሆና “ምነው፣ ደብረ ብርሃን ልትገባ ነው?” ትለዋለች። አሚ ሳሌህ ዘንድ ሸሚዝ ሱቅ ውስጥ መሞከር አይፈቀድም። እኔ ለክቼ የሰፋሁትን እዚህ የሚሞክር ሰው ልኬን ተጠራጥሯል፣ ይላል። ስለዚህ አባቴ ሸሚዙን በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ያመጣና መጀመሪያ ካናቴራውን፣ ከዚያ ሸሚዙን ለብሶ መስታወት ፊት ይቆማል። ሁሌም ልክክ ይላል።

“ሰውየው እኮ ጉድ ነው! እንዲህ ያለ ልክ የሚያውቅ ሰው ካናቴራዬን ግን እስከ ዛሬ አላወቀብኝም!” ይላል እየሳቀ። እናቴም ካናቴራዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ስታጥብ፣ ከመንገድ እንዳይታዩ ከአንሶላዎቹ ኋላ ታሰጣቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ከደረቁ ወንዝ ከደቻቱ የሚነሳው ነፋስ አንሶላዎቹን ሲያነሳና ሲጥል እኔ ከሥራቸው እሮጥ ነበር።

ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። አባቴ ከጉዞ ሲመለስ ሻንጣውን አስቀምጦ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ሱቅ ነው። እኔም ለአሻንጉሊቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ከጠረጴዛው ሥር እቀመጣለሁ። አሚ ሳሌህ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እያለ ጥሩ ጥሩውን ቁራጭ በእግሩ ወደ እኔ ይገፋልኛል። አባቴ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ “ወንድሜ” ያለው ሌላ ሰው አልነበረም፤ አሚ ሳሌህን ግን ይለው ነበር፤ እሱም በአረብኛ አኺ ብሎ ይመልስለታል።

አንድ ዓመት አሚ ሳሌህ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ አቧራ ነው አለ። ቀጥሎ የጨርቁ ብናኝ ነው አለ። የስፌት መኪናው ድምፅ ተርርር ሲል ይቆያል፣ ቀጥ ይላል፣ ሳሉ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ መኪናው ይቀጥላል። ሲያስለው ነጩ ጨርቅ ላይ እንዳይረጭ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሳሉ በተሰማ ቁጥር አባቴ በረንዳችን ላይ ብድግ ይላል፤ ሳሉ ሲቆም ይቀመጣል። በመጨረሻ የከተማው ሐኪም ደረቱን አዳመጠና አዲስ አበባ ሄደህ ራጅ ተነሳ፣ እዚያ ያክሙሃል አለው። አሚ ሳሌህ በሕይወቱ ደጋ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ያን ዕለት አባቴ እራት አልበላም። “ያንን ባዶ ደረቱን ይዞ ወደዚያ ብርድ?” አለ ለእናቴ። “ወንድሜን በዚህ ነው ያጣሁት። ሁለተኛ አላጣም።”

በማግስቱ አዲስ ካናቴራ ገዝቶ ወደ ሱቁ ሄደ። እኔ የለመድኩት ቦታዬ ላይ ነበርኩ። አባቴ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ።

“ይሄን ሰው ሰጠኝ” አለ። “እኔ እንደምታውቀው አልለብስም።”

“አውቃለሁ” አለ አሚ ሳሌህ። “አንተ አትለብስም።” ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም።

“አዲስ አበባ እንደ ድሬ አይደለም። ጠዋት ሲወጡ ብርዱ አጥንት ይበሳል። ለመንገዱ ብቻ ልበሰው።”

“አኺ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አትልበሱ ያልኩትን ሰው አሁን ምን ልበለው? ሳሌህ ሞት ሲያይ ፋኒላ ለበሰ ይበሉኝ?”

“ሞትን ማን አነሳ! ወንድሜን በዚህ ነው ያጣሁት፣ ሳሌህ። በዚህ በደረት ነው ያጣሁት።”

አሚ ሳሌህ መቀሱን አስቀመጠ። ጥቅሉን ወደ ራሱ ሳበው። “እሺ፣ ያዝኩት” አለ።

“ልበሰው ነው እንጂ ያዘው አላልኩህም።”

“ያዝኩት አልኩህ፣ አቦ። ወላሂ ከእጄ አይወጣም።”

አሚ ሳሌህ በሄደበት ቀን አባቴ ተረኛ ስለነበር አዋሽ ድረስ አብሮት ተጓዘ። ሲመለስ ለእናቴ የነገራትን ሰምቻለሁ። አሚ ሳሌህ ፋጡማ የሰጠችውን ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጥቅሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር የተቀመጠው፤ አልፈታውም። አባቴ ተረኛነቱ አዋሽ ላይ ሲያልቅ ሊሰናበተው ሄደ። ጎንበስ ብሎ የአሚ ሳሌህን የኮሌታ ቁልፍ ቆለፈለት። “ሕፃን ልጅ እንደሚቆለፍለት ዝም አለኝ” አለ አባቴ።

አሚ ሳሌህ ተመለሰ። ያየው ሁሉ ግን መመለስ አልመሰለውም፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ የተሰቀለ እንጂ የለበሰው አይመስልም ነበር። ሐኪሞቹ በሽታው ቆይቷል፣ ዘግይቶብናል ብለው መድኃኒት ሰጥተው ሸኝተውታል። ሱቁን ይከፍትና ይቀመጣል፤ አይሰፋም። አንድ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ የመኪናው ድምፅ ተሰማ። በጣም ቀስ ያለ ነበር። ትንሽ ይሄዳል፣ ያርፋል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ፤ በመጨረሻም ያ የሩዝ ውሃና የካውያ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ፋጡማ ጥቅል ይዛ ገባች። “ለታደሰ ብሏል። አልለካሁትም፣ ልኩን አውቀዋለሁ በይው ብሎኛል” አለች።

አባቴ ጋዜጣውን ፈታ። ነጭ የፖፕሊን ሸሚዝ ነበር፣ ቁልፎቹ ከላይ እስከ ታች ተቆልፈዋል። ሲከፍተው ውስጡ ያ አዲስ ካናቴራ አለ፤ ደረቱ በደረቱ፣ እጅጌው በእጅጌው ውስጥ ተነጥፎ። አንድ ቀን እንኳ እንዳልተለበሰ ያስታውቃል።

“አልለበሰውም” አለ አባቴ። አልጋው ላይ ቁጭ አለ። “እንደሰጠሁት መለሰልኝ። ለምኜው! ወንድሜን ጠርቼ ለምኜው!”

ካናቴራውን ሳጥን ውስጥ ወርውሮ ሸሚዙን ምስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ መንገዱን አልተሻገረም። ደክሞኛል ይላል። እናቴ “ሂድና ጠይቀው እንጂ፣ የታመመ ሰው ይኮረፋል?” ስትለው “ነገ” ይላል። በነጋታውም “ነገ” ይላል። ዓርብ ጠዋት የፋጡማን ጩኸት ሰማን።

አባቴ አላለቀሰም። ታጠበና ያንን አዲሱን ሸሚዝ ከምስማሩ አወረደ። እናቴ ካናቴራውን ስታቀብለው በእጁ መለሰው። “ዛሬ እሱ እንደሚወደው ነው የምሸኘው” አለ። ከእናቱ ቤት ከወጣ ጀምሮ በባዶ ገላው ላይ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ሰው ፊት ሊወጣ የመጀመሪያው ቀን መሆኑን እናቴም እኔም አውቀናል። መስታወቱ ፊት ቆሞ ከላይ ወደ ታች ቆለፈ። መሃል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር። ደረቱ ላይ ጨርቁን በጣቶቹ ያዝ አደረገው፤ ሁለት ጣት ያህል ይተርፋል። ትከሻው ላይም፣ ክንዱ ላይም ይተርፋል። አወለቀና የአምናውን ሸሚዝ ለበሰ። ያም ሰፋው። የካቻምናውን ለበሰ። ያም እንዲሁ። ወፍራሙ ካናቴራ ሲወጣ በሁሉም ላይ ያው ሁለት ጣት ቦታ ባዶውን ቀረ።

“ያውቅ ነበር” አለ።

በሩን ከፍቶ ወደ ማዶ ተመለከተ። እኔም ከኋላው ሆኜ አየሁ። ከደጃችን ቀጥታ የሚታየው የአሚ ሳሌህ ወንበርና መኪና ነው፤ በእኛና በእሱ መሃል ያለው ደግሞ የእናቴ የልብስ ማስጫ ገመድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነፋሱ አንሶላዎቹን ባነሳ ቁጥር አሚ ሳሌህ ቀና ካለ የአባቴን ካናቴራዎች ያያል። ይህንን ሁሉ ዓመት ሲያይ ኖሯል። አንድ ቀን አላጋለጠውም፣ አንድ ቀን አልቀለደበትም። ባዶ ደረቱን ይለካዋል፣ ዝም ብሎም ለካናቴራው ቦታ ትቶ ይቆርጣል። አትልበሱ እያለ የሚምል ሰውዬ፣ ወዳጁ እንዳይበርደው በየሸሚዙ ውስጥ ለዚያ ለሚጠላው ነገር ቦታ ሲሠራ ነው የኖረው።

“መመለሱ አልነበረም” አለ አባቴ። “ልበሰው ማለቱ ነው። እዚያው ቦታው ላይ አድርጎ ነው የላከልኝ፤ እኔ ደግሞ ነገ፣ ነገ…” በሩ ላይ እንደቆመ አለቀሰ። አባቴ እንደዚያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ለቀብሩ ያንን የመጨረሻውን ሸሚዝ መልሶ በባዶ ገላው ለብሶ ሄደ። ነፋሱ በደረቱ ላይ ጨርቁን ሲነፋው አንገቱን እንኳ አልጨበጠም። ሲመለስ፣ አሚ ሳሌህን በሦስት ነጭ ጨርቅ ደራርበው እንደከፈኑት ነገረን። “አንዱን እንቢ ያለው ሰው ሦስት ደርቦ ሄደ” አለ። ለመሳቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ አጥባ አንሶላዎቹን በፊተኛው ገመድ ላይ ልትዘረጋ ስትል አባቴ ከበረንዳው ወረደና የልብሱን ሳፋ ከእጇ ተቀበላት። ካናቴራዎቹን አንድ በአንድ እያራገፈ በፊተኛው ገመድ ላይ፣ ከተዘጋው አረንጓዴ በር ፊት ለፊት ራሱ ሰቀላቸው። አንሶላዎቹን ከኋላ አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናቱ የማለውን እንደጠበቀ፣ በአሚ ሳሌህ ሸሚዞች ሥር ካናቴራውን በግልጽ እየለበሰ ኖረ። ሸሚዞቹ ሲያልቁ ሌላ ሰፊ ሠራለት። የሌላው ሸሚዝ ግን ሁሌ ደረቱ ላይ ይጠበው ነበር።

የልጅ ልጄ መልሴን ሲጠብቅ ቆይቶ ሰዓቱ ደረሰበት። “እንደሚመችህ አድርግ፤ ዋናው ሸሚዙ አይጥበብህ” አልኩት። ሳቀና ወጣ። ለብሶ ይሁን ሳይለብስ አላየሁም። ቅዳሜ ዕለት ግን ካጠብነው ልብስ መሃል ነጭ ካናቴራ አገኘሁና አራግፌ በፊተኛው ገመድ ላይ አሰጣሁት። እኔ ቤት ካናቴራ ከአንሶላ ኋላ አይሰጣም።